ደራሲ ሲያነብ በሰሚው ላይ ስለሚወድቀው ዕዳ

ደራሲ ሥራውን ይዞ በሰው ፊት ቆሞ ያነበበ እንደ ሆነ ሰሚው በመጨረሻው ያጨበጭባል። ነገሩ በየአገሩ የተለመደ ስለ ሆነ ቆም ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከሚያጨበጭቡት መካከል የተነበበው ድርሰት ልቡን ያልነካው፥ እንዲያውም ያሰለቸው ሰው አይታጣም። እርሱም እንደ ጎረቤቱ ያጨበጭባል፤ ከዚያም ወደ ደራሲው ቀርቦ እጅግ ድንቅ ሥራ ነው ይለዋል፤ መጽሐፉንም ገዝቶ ያስፈርማል፤ ከደጅ ሲወጣ ግን ለወዳጁ ሌላ ነገር ይነግረዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ያደረገው ምንድን ነው? ጨዋነትን ፈጸመ እንበል ወይስ ዋሸ? እኛ በአማርኛችን ይሉኝታ የምንለው ጠባይ በዚህ ስፍራ ሲገኝ በጎ ምግባር ነውን ወይስ የእውነት ጠላት?

ጥያቄው ለአንዳንድ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። በሰርግ ቤት የተጠራ ሰው ወጡ ጨው ቢበዛበት ለባለቤቲቱ አይነግራትም፤ ስለዚህም ዝምታው ማንም ሐሰተኛ ብሎ አይወቅሰውም። ታዲያ ደራሲው ብዙ ዘመን የደከመበትን አቅርቦ ሲያበቃ፥ የተጠራው ሰው ለምን አመስግኖ አይሄድም? የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የሰርጉ ወጥ በዚያው ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ የጨው መብዛቱም ከሳምንት በኋላ ማንንም አይጎዳም። መጽሐፍ ግን ከአዳራሹ ወጥቶ ደራሲውን ባላዩ ሰዎች እጅ ይገባል፤ በዚያ ቀን ስለ እርሱ የተነገረውም ቃል አብሮት ይሄዳል።

ይህ ዓይነት ስብሰባ ዛሬ በአገራችን ከተሞች እንግዳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፥ ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው፥ ስለ መጻሕፍት ለሚወያዩ ሰዎች አዳራሹን ሲከፍት ኖሯል። በራስ ሆቴል ግጥምን ከጃዝ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው ያቀረቡ ገጣሚዎች ብዙ ሰው ሰብስበዋል። በ2014 ዓ.ም. አብርሆት የተባለው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ለንባብ ወዳጆች ሌላ ደጅ ተጨመረላቸው። በየመጻሕፍት መደብሩም አዲስ መጽሐፍ የወጣ እንደ ሆነ ወንበር ይደረደራል፤ ደራሲው ጥቂት ገጽ ያነባል፤ አንድ ሁለት ዐዋቂዎች ስለ ሥራው ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ተሰልፎ ያስፈርማል። ስለ መጽሐፍ ብሎ የቅዳሜ ከሰዓቱን የሚሰጥ ሰው ይመስገን። እኔ የምጠይቀው ስለ ስብሰባው መኖር ሳይሆን በውስጡ ስለሚነገረው ቃል ነው።

ነገሩም የቆየ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ39 ዓመት ገደማ አሲንዮስ ፖሊዮ የተባለ የሮም የጦር አዛዥ ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ፥ ከምርኮው በተገኘው ገንዘብ በሮም ከተማ ለሕዝብ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ቤተ መጻሕፍት አቆመ። ይኸው ሰው ደግሞ ድርሰቱን በተጠሩ ሰዎች ፊት በማንበብ ከሮማውያን ሁሉ ቀዳሚ እንደ ነበረ ሽማግሌው ሴኔካ ጽፎ ትቶልናል። እንግዲህ ለሕዝብ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍትና የደራሲ ንባብ በሮም ከአንድ ሰው እጅ የወጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። አንዱ መጽሐፉን ያለ ደራሲው ለሕዝብ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፉን ከደራሲው ፊት ጋር አጣብቆ የሚያቀርብ ነው። ፖሊዮ ሁለቱን ሲጀምር እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ነገሮች መሆናቸውን ያሰበው አይመስለኝም።

ልማዱ ከመቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ምን እንደ መሰለ የሚነግረን ታናሹ ፕሊንዮስ ነው። ይህ ሰው በቢታንያ አገረ ገዥ ሳለ ስለ ክርስቲያኖች ነገር ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ በእኛ ዘንድ ይታወቃል፤ ነገር ግን ከደብዳቤዎቹ መካከል ስለ ንባብ ጉባኤ የሚናገሩት ብዙዎች ናቸው። በአንደኛው ውስጥ በአንድ ሚያዝያ ወር አንድ ሰው ሳያነብ ያለፈ ቀን የለም ለማለት እንደሚያስደፍር ይነግረናል። ሰሚዎቹ ግን ከአዳራሹ ውጭ ተቀምጠው ወሬ ያወራሉ፤ ደራሲው ገባ ወይ? መቅድሙን ጨረሰ ወይ? የብራናውን ጥቅል ብዙውን ገለጠው ወይ? እያሉ በሰው ይጠይቃሉ፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቀስ እያሉ ይገባሉ፤ እርሱም ሳያልቅ፥ አንዳንዱ ተደብቆ አንዳንዱም ያለ ኀፍረት ይወጣል። ይህን የሚያነብ ሰው የጠባያችንን አለመለወጥ አይቶ ሳይስቅ አይቀርም። ቄሣሩ ቀላውዴዎስ ግን፥ ይላል ፕሊንዮስ፥ አንድ ቀን በቤተ መንግሥቱ ሲመላለስ የሕዝብ ጩኸት ሰምቶ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ኖንያኖስ የተባለው ደራሲ እያነበበ ነው ቢሉት፥ ሳይጠራና ሳይጠበቅ ገብቶ ተቀመጠ።

የዚያ ጉባኤ ነገር ሁሉ የከበረ ብቻ አልነበረም። ጳውሎስ የተባለ ሰው የኀዘን ግጥሙን ሊያነብ ተነሥቶ፥ መጀመሪያው ፕሪስኮስ የተባለውን ወዳጁን በስሙ የሚጠራና ያዘዝኸኝ አንተ ነህ የሚል ነበርና፥ ከተሰብሳቢው መካከል የነበረው ያቮሌኖስ ፕሪስኮስ እኔስ አላዘዝሁም ብሎ መለሰለት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ድርሰቱም ገና ሳይጀመር ቀዘቀዘ። ፕሊንዮስ የዚህን ሰው አእምሮ ይጠራጠራል፤ ሆኖም ያቮሌኖስ በዘመኑ ስመ ጥር የሕግ ዐዋቂ ነበረ። እኔስ አንዳንድ ጊዜ ይህን ሽማግሌ ሳስበው፥ ሁሉም በይሉኝታ በተቀመጠበት ጉባኤ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ለተባለው ነገር እንደ ሰማው መመለሱ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚያስተምረን ግን የፕሊንዮስ የራሱ ልብ መከፈሉ ነው። በአንድ ደብዳቤ ለምን ሥራውን ለሰው እንደሚያነብ ሲናገር፥ ለመመስገን ሳይሆን ለመታረም ነው ይላል። አስቀድሞ ለብቻው ይመረምረዋል፤ ቀጥሎ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ያነበዋል፤ ከዚያ ለሌሎች ሰጥቶ የሚነቅፉትን ምልክት እንዲያደርጉበት ይለምናል፤ በመጨረሻም ለብዙዎች ያነባል፤ ያን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያርመው በሰው ፊት የመቆም ፍርሃት እንደ ሆነ ይመሰክራል። ይህ የብልህ ሰው ቃል ነው። በሌላው ደብዳቤ ግን ያው ፕሊንዮስ በቍጣ ይነድዳል። ምክንያቱም የወዳጁ ድርሰት በተነበበበት ቀን አንዳንድ ሰሚዎች እንደ ደንቆሮና እንደ ድዳ ሆነው ተቀመጡ፤ ከንፈራቸውን አልከፈቱም፥ እጃቸውን አላነሡም፥ ደክሟቸው እንኳ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። ወዳጅ ሆነህ የመጣህለትን ሰው ጠላት አድርገህ ለመሄድ ቀንህን ሙሉ ማጥፋትህ ምን ዓይነት ስንፍና ነው ብሎ ይገሥጻቸዋል።

እንግዲህ ፕሊንዮስ የሚሻው ምን ነበር? መታረም ከሆነ፥ ዝም ያለው ሰሚ ከሚጮኸው ሰሚ የበለጠ ነገር ነግሮታል። መመስገን ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ደብዳቤ ጌጥ ብቻ ነው። እንደ እኔ አሳብ ግን ሁለቱንም ከልቡ ጽፎአል፤ እርማትን የሚወድድ ሰው ምስጋናን አይራብም የሚል ሕግ የለምና። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ደራሲም ከሰው ይልቅ ሰው ነው።

በአገራችን ይህ ነገር በሌላ መንገድ ተይዞ ኖሯል። በቅኔ ቤት ተማሪው በቈጠራ ጊዜ ለብቻው ርቆ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀምጦ ቅኔውን ያስባል፤ በነገራ ጊዜ መጥቶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። መምህሩም ቃሉ የጎደለውን ይሞላል፤ ምሥጢሩ የሳሳውን ያሳያል፤ የማይረባውን ይጥላል። በዚያ ጉባኤ ማንም ተማሪ መምህሩ አዋረደኝ ብሎ አይከስስም፤ የመጣው ሊታረም እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃልና። ሲበቃ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አዲስ ቅኔ ይቀኛል፤ ያን ጊዜ ሊቃውንቱ ደስ ያሰኛቸው እንደ ሆነ ይበል ይላሉ። ይበል የሚለው ቃል ዋጋ ያለው ስለ ምንድን ነው? ሳይባልም ሊቀር ስለሚችል ነው። ያላማረ ቅኔ ሰድቦ የሚያስወጣው የለም፤ ነገር ግን ይበል ሳይባል ያልፋል፤ ባለቤቱም ያውቀዋል። እንዲህ ሆኖ ሰሚው ሳይዋሽና ሳያቆስል ፍርዱን የሚሰጥበት መንገድ በልማዱ ውስጥ ተበጅቶለት ነበር።

የመጻሕፍት መደብሩ ጉባኤ ግን ይህ መንገድ የለውም። እዚያ የሁሉም መጨረሻ ጭብጨባ ነው፤ ለታላቁም ለታናሹም ሥራ እኩል ይጨበጨባል። ሁሉን እኩል የሚመዝን ሚዛን ደግሞ ሚዛን አይባልም።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ልዩነት አለ። ፕሊንዮስ የሚያነበው ገና ያልተሠራጨ ድርሰት ነበር፤ የቅኔው ተማሪም የሚነግረው ገና ያልጸና ቃል ነው። ስለዚህ የሰሚው አስተያየት ወደ ሥራው ተመልሶ ይገባል። የዛሬው ደራሲ ግን የሚያነበው ታትሞ፥ ተጠርዞ፥ ዋጋ ተጽፎበት በጠረጴዛ ላይ የተከመረ መጽሐፍ ነው። ሰሚው ሦስተኛው ምዕራፍ ተንዛዝቷል ቢለው ደራሲው ምን ሊያደርግ ይችላል? እርማቱ ዘግይቷል፤ የዘገየም እርማት እንደ ነቀፌታ ይሰማል። ከዚህ የተነሣ ሰሚው ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ የሚመርጥ ይመስለዋል፤ ማመስገን ወይም ማሳዘን።

ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ደራሲውና ሰሚው ብቻ አይደሉም። ሦስተኛ ወገን አለ፤ ይኸውም በኋለኛው ወንበር የተቀመጠው፥ ከሻይና ከታክሲ ቆጥቦ ኪሱ ውስጥ የመጽሐፍ ዋጋ ይዞ የመጣው ተማሪ ነው። እርሱ የሚያውቀው የለም፤ የሚያከብረው መምህር፥ ስሙን በጋዜጣ ያየው ሊቅ ተነሥቶ ይህ መጽሐፍ በዘመናችን ከታተሙት ሁሉ የላቀ ነው ሲል ሰምቶ ያምናል። መጽሐፉን ይገዛል፤ ቤቱ ገብቶ ሲያነብ ግን የተባለውን አያገኝበትም። ያን ጊዜ ምን ያስባል? ጥቂቱ ተናጋሪው ዋሸ ይላል። ብዙው ግን ጉድለቱ የእኔ ነው፥ ንባብ ለእኔ አልተሰጠም ይላል፤ ከዚያም በኋላ ሁለተኛ መጽሐፍ ሳይገዛ ይኖራል። ለደራሲው ፊት ተብሎ የተከፈለው ዕዳ ከዚህ ልጅ ኪስና ልብ የተወሰደ ነው። ይሉኝታ ማንንም አይጎዳም የሚሉ ሰዎች ይህን ልጅ አላዩትም።

እንግዲህ ነገሩን ለይተን እንየው። ጭብጨባ ራሱ ሐሰት ነው ብዬ አልናገርም። ሰው ለደከመ ሰው በርታ ይላል፤ እንግዳ ሲገባ ይነሣለታል፤ ይህ ሰላምታ ነው፥ ሰላምታም ፍርድ አይደለም። ዓመታት የጻፈውን ይዞ ፊቱን ለሰው የሰጠ ሰው ይህ ሰላምታ ይገባዋል፤ የነፈገውም ሰው ከፕሊንዮስ ደንቆሮዎች ወገን ነው። ንግግር ግን ሌላ ነው። ተነሥቶ ስለ መጽሐፉ የሚናገር ሰው ምስክር ሆኖ ቆሞአል፤ የምስክርም ቃል እንደ ጭብጨባ በአየር ላይ አይቀርም። ስለ ርስት በሐሰት የመሰከረ ሰው በደለኛ ከሆነ፥ ስለ መጽሐፍ በሐሰት የመሰከረው ንጹሕ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሉኝታ የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደሚል አስተውሉ። ሰዎች ምን ይሉኛል ከማለት የወጣ ነው። እንግዲህ በይሉኝታ የሚያመሰግን ሰው የሚያስበው ስለ ደራሲው አይደለም፤ ክፉ ነው፥ ምቀኛ ነው፥ አላዋቂ ነው እንዳይሉኝ ብሎ ስለ ራሱ ነው። ጨዋነት ግን ዓይኑ ወደ ሌላው ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ልብስ ስለሚሄዱ ሰው ያምታታቸዋል፤ የሚለያቸው ግን ቀላል ፈተና አለ። ያው ሰው ከደጅ ሲወጣ የሚናገረው ከውስጥ ከተናገረው ጋር ይስማማል ወይ? ካልተስማማ በውስጥ የነበረው ጨዋነት አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፥ ሥራውንስ የናቀው በአዳራሹ ሳለ ነው።

አንድ ብርቱ መቃወሚያ አለ፤ እርሱንም ሳልመረምረው ማለፍ አልፈልግም። ጀማሪ ደራሲ እንደ ችግኝ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ብትነግረው ይደርቃል፤ ትንሽ ውሸት ግን ታሳድገዋለች ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት መኖሩን አልክድም። በብዙ ሰው ፊት አንድን ወጣት ማፍረስ ጀግንነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም እንዲህ የሚያደርግ ሰው እውነትን ከመውደድ ይልቅ የራሱን ዕውቀት ለማሳየት የሚሻ ነው። ነገር ግን ከማፍረስና ከመዋሸት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ሰሚው ድርሰቱን ከልቡ ከሰማ፥ ያማረ አንድ ነገር ሳያገኝ አይቀርም፤ ባይበዛም አንድ ምሳሌ፥ አንድ የሽማግሌ ንግግር፥ አንድ የገበያ ሥዕል ይገኛል። እርሱን ለይቶ ቢናገር አልዋሸም፤ ደራሲውም ከሺህ ድንቅ ነው ይልቅ ይህን አንድ ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እንደ ተሰማ አውቆበታልና። ያልገባውን ቢጠይቅም አልነቀፈም። የቀረውን ደግሞ መጽሐፉን አንብቦ፥ ለብቻው አግኝቶ ወይም በደብዳቤ ይነግረዋል። ጀማሪን የሚያደርቀው እውነት ሳይሆን የእውነቱ አነጋገር ነው ብዬ እገምታለሁ። ውሸት ግን ያደርቃል፤ ብቻ ቀስ ብሎ ያደርቃል። ድንቅ ነው የተባለ ወጣት ሁለተኛውን መጽሐፍ እንደ መጀመሪያው ይጽፈዋል፤ ለምን ያርመው? ሦስተኛው ሲወጣ አዳራሹ ባዶ ይሆናል፤ እርሱም ምክንያቱን የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ይህን ሁሉ በሰሚው ላይ ስጭን ደራሲውን ነጻ አወጣሁ ማለት አይደለም። አባቶች ከንቱ ውዳሴ ብለው የሚጠሩት በሽታ ከአዳራሽ ይልቅ የሚመቸው ስፍራ ያለ አይመስለኝም። የእንግሊዙን ደራሲ የቻርልስ ዲክንስን ነገር እናስብ። በፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ 1853 በበርሚንግሃም ከተማ ለበጎ አድራጎት ብሎ በሕዝብ ፊት ማንበብ ጀመረ፤ ከንባቦቹም አንዱ ሠራተኞች በትንሽ ዋጋ የሚገቡበት እንዲሆን ጠየቀ። ይህ መልካም ነበር። ከ1858 ጀምሮ ግን ለራሱ ገቢ ያነብ ጀመር፤ በእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካም እየዞረ ቁጥሩ ብዙ መቶ የሆነ ንባብ አደረገ። በመጨረሻው ዘመኑ ከኦሊቨር ትዊስት ውስጥ የናንሲን መገደል ማንበብ ያዘ። ሴቶች እስኪታመሙ ድረስ ይሰሙት ነበር፤ እርሱም የሰዉን መንቀጥቀጥ ይወድድ ነበር። ሐኪሙ ከንባቡ በፊትና በኋላ የደም ሥሩን ትርታ ሲቈጥር 72 የነበረው ከ110 በላይ ይወጣ ነበር። በ1869 ሰውነቱ ስለ ዛለ ሐኪሞች ዙረቱን አስቆሙት፤ በ1870 ግን ተመልሶ በለንደን የስንብት ንባብ አደረገ፤ መጋቢት 15 ቀን ጨርሶ፥ ሰኔ 9 ቀን ሞተ። ወዳጆቹ ያን ንባብ እንዲተው መክረውት ነበር። ገንዘብ ብቻ ነው ያስገደደው ለማለት አልደፍርም፤ በፊቱ ተቀምጦ ትንፋሹን የያዘው ሕዝብም ገንዘብ የማይገዛው ነገር ነበር። እንግዲህ በዚያ ሞት ሰሚው ድርሻ የለውምን? እያየው ድገም ያለው ማን ነበር?

ከዲክንስ ጋር በጣም የማይመሳሰል ሌላ ሰው በፓሪስ ነበረ። አድርየን ሞንየ የተባለች ሴት በ1915 በኦዴዮን መንገድ የመጻሕፍት ቤት ከፍታ ደራስያንን ትሰበስብ ነበር፤ አሜሪካዊቷ ወዳጅዋ ሲልቭያ ቢችም በ1921 ሸክስፒርና ጓዶቹ የሚል ትርጓሜ ያለውን መደብሯን ወደዚያው መንገድ አዛወረች። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ 7 ቀን በሞንየ ቤት ቫሌሪ ላርቦ የተባለው ጸሐፊ ገና ስላልታተመው ስለ ጀምስ ጆይስ ኡሊሰስ ንግግር አደረገ፤ ከመጽሐፉም ተነበበ። ጠባቧ ክፍል በሰው ታፍና ነበር። ደራሲው ራሱ ግን ከመጋረጃ በስተኋላ ተሸሽጎ ይሰማ ነበር፤ ሲጨርሱ ላርቦ ፈልጎ አወጣው፤ ሰዉም አጨበጨበለት። ጆይስ የተሸሸገው ዐይነ አፋር ስለ ነበረ ይመስለኛል እንጂ ስለ ሰሚው ነጻነት ተጨንቆ አይደለም። ሆኖም ለዚያ አንድ ሰዓት ሰሚው የሚያየው የደራሲ ፊት አልነበረምና ይሉኝታውን የሚያሳርፍበት አላገኘም።

እኛም በአገራችን ይህን የመሰለ ነገር አይተናል። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ አነበበው። ያን ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ እስከ ዛሬ በወጋየሁ ድምፅ እንደሚያነበው ይናገራል። በየቤቱ ራዲዮ ከብቦ የተቀመጠው ሰው ደራሲው አያየውም፤ አንባቢውም አያየው። ቢሰለቸው ተነሥቶ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ይህ አለመሄድ ከማንኛውም የአዳራሽ ጭብጨባ ይልቅ እውነተኛ ምስክር መሰለኝ። ሌላም ነገር አለበት፤ ጥሩ ድምፅ ደካማውን ድርሰት ሊሸፍን እንደሚችል እናውቃለን፤ ስለዚህ ድምፁ ከተወገደ በኋላ መጽሐፉ ለብቻው መቆም አለበት። ፍቅር እስከ መቃብር ራዲዮኑን ሰምተው በማያውቁ ልጆች እጅም ቆሟል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ስለ ሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ ስለ አምብሮስዮስ የሚተርከው እዚህ ላይ ይነሣል። ወደ እርሱ የሚመጣ ሰው ሳይከለከል ይገባ ነበር፤ ሲገባም አምብሮስዮስን ሲያነብ ያገኘዋል፤ ዐይኑ በገጹ ላይ ይሄዳል፥ ልቡ ምሥጢሩን ይፈልጋል፥ ድምፁና ምላሱ ግን ያርፋሉ። እንግዶቹም ሊያስቸግሩት ስላልደፈሩ በዝምታ ተቀምጠው አይተውት ይሄዱ ነበር። አውግስጢኖስ ይህን እንደ እንግዳ ነገር ይጽፈዋል፤ በዚያ ዘመን ብዙው ሰው በድምፅ ያነብ ነበርና። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር አነሣሁት። ደራሲው በሌለበት፥ ጎረቤት በማያጨበጭብበት፥ ምን ይሉኛል በማይባልበት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ሰው ስለ መጽሐፍ የሚያስበውን በእውነት የሚያስበው። የመደብሩ ጉባኤ ወደዚያ ዝምታ የሚያደርስ መንገድ ሲሆን እወደዋለሁ። ሰሚው በአዳራሹ ውስጥ ስላለበት ዕዳ ቢጠይቀኝ፥ በሰዓቱ ገብተህ እስከ መጨረሻው ተቀመጥ፥ ስትሰማ ስማ፥ ፍርድህን ግን ቤትህ እስክትገባ አቆየው እለዋለሁ። እንዲናገር የተጠራ ሰው ካለ ደግሞ መጽሐፉን አስቀድሞ ያንብብ፤ ሳያነብ የሚናገር ተናጋሪ በየጉባኤው የሚገኝ መሆኑን መናገር ያሳፍራል።

ለደራሲው ምን እንደምለው ግን ይህን ያህል አልቸኩልም። ፕሊንዮስ ግጥም ሲያነብ እንደማያምርበት ሰው ነገረው፤ ንግግር ሲያነብ ግን ይሻለው ነበር። ስለዚህ ከቤቱ ነጻ ካወጣቸው አገልጋዮች አንዱን ሊያስነብብ አሰበ። ያም ሰው ገና ያልለመደ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ ይሻላል ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጭንቀት ያዘውና ለወዳጁ ለሱኤቶንዮስ ጻፈለት። አገልጋዩ ሲያነብ እኔ ምን ልሁን? ሥራው የእኔ እንዳልሆነ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ወይስ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በከንፈሬ፥ በዐይኔ፥ በእጄ ልከተለው? ብሎ ጠየቀው፤ እውነቱን እንዲጽፍለትም ለመነው። ደብዳቤው ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የሱኤቶንዮስ መልስ ግን አልተገኘም።